ቲማቲሙን ያቃጠለው ዓይኔ አይደለም

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ጉኑኖ አጠገብ በሚገኘው ሰፈራችን ነው። ቲማቲም ባየሁ ቁጥር ስለሚያንገበግበኝ ጻፍኩት። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ አጻጻፌ ቢሻክር ግድ የለኝም።

እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁሉ ሰላም ሲሆን ጎረቤት ነኝ፤ ላም ስትነጥፍ ወይም ልጅ ሲታመም ግን "የእሱ ዓይን ነው" እባላለሁ።

ጎረቤቴ ዳናና እኔ በየጓሯችን፣ ከእንሰቱ ግርጌ፣ ጎን ለጎን ቲማቲም ተከልን። የጓሮ መሬት በእኛ ዘንድ ፋንድያ የሚጠግብ መሬት ነው፤ ከሱቅ የሚገዛው ማዳበሪያ የሚሄደው ራቅ ወዳለው ማሳ ነው። ዳና ግን ለሶዶ ገበያ ቸኮለና በፋንድያው ላይ ዩሪያ ደጋገመበት። ቲማቲሙ ለምልሞ ጠቆረ፤ ቅጠሉ ተደራርቦ መሬት አላሳይ አለ። የኔን ገርጣ ያለውን እያየ "ያንተው ጾም ይዟል እንዴ?" እያለ ያላግጥብኝ ነበር።

አረካ የቀን ሥራ ስሠራ፣ ዩሪያ ከልክ በላይ የበላ ቲማቲም ቅጠሉ ቀድሞ ሲበላሽ አይቻለሁ። ነገርኩት። የሸክላ ሠሪ ምክር አልፈለገም።

ዝናቡ አላባራ ሲል የዳና ቲማቲም ቅጠሉ ሳይደርቅ ይውል ጀመር። ጥቁር ነጠብጣብ ወጣበት፤ ብዙም ሳይቆይ እሳት የለበለበው መሰለ። የኔም ታመመ። ግን ሳሳ ብሎ ስለበቀለ ነፋስ ያገኘዋል፤ የታመመውን ቅጠል እየለቀምኩ ቀበርኩ፤ አብዛኛው ተረፈ። መትረፉ ወንጀል ሆነብኝ።

አንድ ጠዋት ዳና አንድ የሰፈር ሽማግሌና ጎረምሶች አስከትሎ መጣ። በዓይኔ ስላቃጠልኩበት የኔም እንዲነቀል ተወስኗል አሉኝ። ሽማግሌው ለስለስ ብለው "ንቀለውና ሰላም ይሁን፣ ልጄ" አሉ። ያ ቲማቲም የቤተሰቤ ጉሮሮ ነው። ቲማቲሙ መሐል ገብቼ ቆምኩ።

"አልነቅልም። ዓይኔ ዩሪያ አይበትንም" አልኩ።

ጎረምሶቹ ወደ እኔ መራመድ ሲጀምሩ የዳና ሚስት አስቴር ከኋላ መጣች። ለእኔ አዝና አይደለም፤ በባሏ ተናዳ ነው። "ፋንድያውን በጋውን ሙሉ በጀርባዬ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። በላዩ ዩሪያ ያፈሰስከው አንተ። የሰውየው ዓይን መቼ ገባበት?" አለችው።

አንዱ ጎረምሳ ሳቁ አመለጠው። ሽማግሌው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። ዳና ዘንድሮ ጓሮው ውስጥ ዩሪያ አልበተነም፤ ለምን እንደተወ ግን ለማንም አይናገርም። ሰላምታም ነፍጎኛል። እኔም አልለምነውም። ዘንድሮ ቲማቲሜን የተከልኩት ልክ ድንበሩ ላይ ነው፤ ጠዋት በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው የኔን ነው።