ባቱ መግቢያ ላይ የቀረው ሙዝ

አባቴ መንዳት ከማቆማቸው በፊት ለዓመታት አርባ ምንጭ አጠገብ ካለችው ጫኖ ሙዝ ጭነው አዲስ አበባ ይመላለሱ ነበር። በፍጥነት መንገዱ፣ ባቱ መግቢያ ላይ የክፍያ ካርድ የምትሰጣቸውን ልጅ ሙዝ ሳያቀምሱ አያልፉም። እሷም “አባባ፣ የጫኖ ነው አይደል?” ትላቸዋለች።

ባለፈው ወር ለዓይን ሕክምና በዚያችው የጭነት መኪናቸው ስወስዳቸው መግቢያው ኤሌክትሮኒክ ብቻ ሆኗል። መንገዱን የሚዘጋው ብረት በራሱ ተነሣ።

“ቁም እንጂ፣ ሰላም ሳንላት?” አሉኝ።

ሰው የለም ብላቸው አልሰሙኝም። ለእሷ የያዙትን ሙዝ ይዘው ወርደው የባዶዋን የካርድ መስጫ ክፍል መስኮት ያንኳኳሉ። ከኋላችን ክላክሱ ቀለጠ፤ እኔ አንገቴን ደፍቻለሁ። በመጨረሻ ሙዙን መስኮቱ ሥር አስቀምጠው ገቡ።

አርባ ምንጭ ስንመለስ መሥሪያ ቤቴ የፈቃዴን ማስረጃ ጠየቀኝና የጉዞ ዝርዝሬን ፈልጌ ወደ ፍጥነት መንገዱ ቢሮ ደወልኩ። ያነሣችው ሴት የመኪናዋን ታርጋ ተቀብላ ሰዓቶቹን አነበበችልኝ።

“መግቢያው ላይ ስድስት ደቂቃ ቆማችኋል” አለች።

ይቅርታ ልጠይቅ ስል አቋረጠችኝ።

“ወደ ስልክ ሥራ ከመዛወሬ በፊት ባቱ ላይ ካርድ እሰጣቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። ሙዙን የመግቢያው ዘበኛ አድርሶልኛል። አባባ ደህና ናቸው?”