አባቴ እናቴን «ፍቺኝ» ያላት ቀን

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። የሰፈሩ ሰው «ጋሼ ቀስበሉ» ይለዋል፤ ደንበኛ ባጣደፈው ቁጥር ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ቀስ በሉ» ስለሚል። ሱቁ ከቤታችን ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጠባብ ክፍል ናት። አንድ መኪና፣ አንድ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ጥቂት ልብሶች፤ ሌላ ነገር አትይዝም።

ዝምተኛ ቢሆንም በቃል ነገር ስህተት አያሳልፍም ነበር። በተለይ አንድን ነገር ከሌላው በምንለይባቸው ቃሎች። ጨርቅ ይቆረጣል። ክር ይበጠሳል። የተሰፋ ይተረተራል፣ ቋጠሮ ይፈታል፣ ጠባብ ቀሚስ ከጉልበት በታች ይሰነጠቃል። «ተቀደደ» የሚባለው ሚስማር የያዘው ሱሪ ብቻ ነው። እናቴ አንድ ጊዜ «ይቺን ክር ቁረጥልኝ» ብትለው፣ «ክር ናት ወይስ የመርከብ ገመድ?» አላት።

«እኔ ያገባሁት ሰፊ ነው መዝገበ ቃላት?» አለችው።

እናቴ አትክልት ትነግዳለች። መርፌ ይዛ አታውቅም፤ የሸሚዟ ቁልፍ ሲወልቅ እንኳ በሱቁ መስኮት ወርውራለት ታልፋለች።

አንድ ረፋድ ላይ መኪናው ድምፁን አጠፋ። ገብቼ ሳየው አባቴ ግንባሩን የጀመረው ሸሚዝ ላይ አስደግፏል። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለን። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ አንደበቱም ተያዘ። ዓይኖቹ ግን ከአንዳችን ወደ ሌላችን ይዞሩ ነበር፤ የሚናገረው ሞልቶ መውጫ ያጣበት ሰው ይመስላል።

ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ የመጀመሪያውን ቃል የተናገረው፣ አክስቴ፣ እኔና እናቴ የሆስፒታል አልጋውን ከበን ሳለን ነው። እናቴን ትክ ብሎ አያት።

«ፍቺኝ።»

አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወንድሟ አብዶ የሠላሳ ዓመት ትዳሩን ሊበትን መስሏት መሰለኝ፣ ወዲያው ማልቀስ ጀመረች። እናቴ ብርድ ልብሱን ታስተካክል የነበረው እጇ ባለበት ቀረ።

«ይህን ለማለት ነው አፍህን የከፈትከው?» አለችው፤ ድምፅዋ ሰለል ብሎ። ከዚያ ተነፈሰችና፣ «እሺ። መጀመሪያ ዳንልኝ። ከዚያ እፈታሃለሁ።»

ራሱን በኃይል ነቀነቀ። «ፍቺኝ» አለ ደግሞ፤ የአልጋው ብረት ተንኳኳ። ብርድ ልብሱን ገለጥ ሳደርገው ነገሩ ገባን። ግሉኮሱን እየነቀለ ስላስቸገረ ነርሷ ደህናውን ግራ እጁን በፋሻ አስራው ኖሯል።

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ትሳቅ ታልቅስ መለየት አልቻልኩም። ቋጠሮውን እየፈታች፣ «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ጉድ ልታደርገኝ» ትለው ነበር። ፋሻው ያሰመረበትን አንጓውን እስኪቀላ አሸችለት።

ቤት ከገባ በኋላ አንድ ወጣት የንግግር ባለሙያ እየመጣ ሥዕል ያሳየው ጀመር። ኩባያ፣ ወፍ፣ በር። አባቴ ሥዕሉን ያያል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ከዚያ እንባው ይመጣል። ልጁም እንደ እኛው አዘነና፣ «ሥዕሉን ተዉት። እጁ የሚያውቀውን ነገር አስይዙት» ብሎ መከረን።

እናቴ በማግስቱ ገበያዋን ለእህቷ ትታ አባቴን ደግፋ ሱቁ ውስጥ አስቀመጠችው። የራሱን አሮጌ ኮት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። በግራ እጁ ገበሩን ነካ ነካ አደረገና «ተር… ተር…» አለ። ገበሩ እንዲተረተር ፈልጎ ነው። እሷ ትልቁን መቀስ አነሳችና ስፌቱ ውስጥ ሰክታ ሳበችው። ኮቱ ከብብት እስከ ወገብ ተዘረጠጠ።

«ቀደድሽው» አለ አባቴ። ጥርት ብሎ።

«ምን አልከኝ?»

«ቀደድሽው።»

መቀሱን ጥላ አንገቱን አቀፈችው። «ደግ አደረግኩ» አለችው። «ከተናገርክልኝ እጅጌውንም እቀድድልሃለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሱቁ ውስጥ ሆኑ። «ፍቺ»፣ «በጥሺ»፣ «ቀስ» እያለ፣ እሷም እያጠፋች፣ ቃሎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። የቤቱ ቃሎች ዘገዩ። «ውሃ» ለማለት አሁንም ብርጭቆ ይጠቁማል፤ «ተርትሪ» ግን እንደ ውሃ ይፈስለታል።

ሩቅ ከተማ የሚሠራው ወንድሜ ሊጠይቀን መጣ። እናቴ ከስታ፣ ወገቧን ይዛ ስትነሳ አየ። ምሳ ላይ፣ «አባዬን እኔ ልውሰደው፤ እዚያ ጥሩ ሕክምና አለ» አለኝ። «እማዬ ካንቺ ጋር ትሁን። ለጊዜው ቢለያዩ ለሁለቱም እረፍት ነው።» ከክፋት አልነበረም፤ እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ ነበር።

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። ወደ ወንድሜ ሳይሆን ወደ እናቴ ዞረ። አፉ ታገለ፣ ቆመ፣ እንደገና ታገለ።

«አትለዪኝ» አላት።

ሱቁ ውስጥ ነጩን ክር ከጥቁሩ «ለዪ» ሲለኝ ነው ያደግሁት። ለሰው ሲለው፣ ያውም ለእናቴ፣ በዚያ ድምፅ ሲለው ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እሷ አገጩ ላይ የቀረችውን ሾርባ በመዳፏ ጠረገችለት። «የት ልሄድብህ?» አለችው፤ ምሳውም ቀጠለ። ወንድሜ ያን ነገር ዳግመኛ አላነሳም። ከመመለሱ በፊት ከቤት ወደ ሱቁ በሚወስደው ደረጃ ላይ የብረት መደገፊያ አሠርቶልን ሄደ።

ዘንድሮ እናቴ መኪናው ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ለራሷ የሰፋችው ሽንሽን ቀሚስ ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውን መምረጧ ነው። ሽንሽኑ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ጭራሽ የለም። ለብሳው አባቴ ፊት ዞር አለች። አንዲት ሚሊ ሜትር ያዘነበለ ስፌት ከደጁ አስወጥቶ የማያውቀው ሰው፣ በግራ እጁ ሽንሽኑን አንድ በአንድ ዳሰሰ።

«ያምራል» አለ።

«መዋሸት ከቻልክማ ድነሃል» አለችውና ቀሚሷን ሳታወልቅ ወደ ገበያ ሄደች።