የተቃጠለው ፊልም

አባቴን ለመጨረሻ ጊዜ ያነሣሁት የርብ ወንዝ ሙላት ከሜዳው ሸሽቶ፣ ሩዙ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። የቀረው ውኃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደርሶ፣ አንድ እጁን ከላሚቱ ሻኛ ላይ አሳርፎ ቆመልኝ።

«እንዳትነቃነቅ፣ አባዬ» አልሁት።

«ይኸ ሣጥንሽ ይነክሳል እንዴ?» አለና ሳቁን ዋጠ። ያን ጊዜ ነው ያነሣሁት።

ካሜራዬ እውነትም ሣጥን ቢጤ ነው። ባትሪ የለው፣ የረባ ማስተካከያ የለው፤ ፀሐይ ካልወጣ አይሠራም። ፊልሙ ወረቀት ለብሶ የሚጠቀለል፣ ሰፊ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። አንዱ ጥቅል ከአሥራ ሁለት ፎቶ አያልፍም፤ ከኋላ ባለችው ቀይ መስኮት ቁጥሩን እያዩ በእጅ ማጠንጠን ነው። ፊልሙን የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ትልክልኛለች። ወረታ ኬሚስትሪ ስለማስተምር የፊልም ማጠቢያውን ኬሚካል ራሴ እበጠብጣለሁ።

ያ ጥቅል ሳያልቅ አባቴ ታመመና ሳይውል ሳያድር አረፈ። የስልክ ካሜራ ፊት መቆም አይወድም ነበር፤ ከመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ሌላ መልኩ የትም የለም። ከለቅሶው መልስ የቀረውን ፊልም ልጨርስ ብል ማጠንጠኛው ተሰብሮ ፊልሙ ውስጡ ተቀረቀረ። እኔ ማታ በጨለማ ማጠብ እንጂ መጠገን አልችልም፤ ከተማው ውስጥ ካሜራ የሚጠግንም፣ ጨለማ ክፍል ያለውም አንድ ፎቶ ቤት ብቻ ነበር። ይዤ ሄድሁ።

«ጨለማ ክፍል አስገብተህ ክፈተው፤ ውስጡ ፊልም አለ። አባቴ አለበት» አልሁት ባለቤቱን።

ፎቶ የሚነሡ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ቤቱን ሞልተውት ነበር። ካሜራዬን ተቀብሎ ወደ እነሱ አነሣና «እዩልኝ፣ መምህርት የመጫወቻ ካሜራ አመጣች! በዚህ ዘመን ፊልም?» አለ። ሳቁለት። ይሄኔ ከደጅ በሚገባው ፀሐይ ፊት ጀርባውን ከፈተው።

ጮህሁ። ፊልሙ ተዘርግቶ እጁ ላይ ተንጠለጠለ። ብርሃን አይቶታል፤ ተቃጥሏል።

«ምን ታካብጂዋለሽ?» አለኝ። «የመታወቂያውን ፎቶ አምጪልኝ፣ አሳምሬ እሠራልሻለሁ። ሱፍ አለብሰዋለሁ።»

ይቅርታ አላለም። ሱፍ ለብሶ የማያውቀውን አባቴን ሱፍ ሊያለብስልኝ!

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። በደጁ ባለፍሁ ቁጥር መስታወቱን በድንጋይ ማለት ያምረኝ ነበር። ተማሪዎቼ ጉርድ ፎቶ ሲፈልጉ ሌላ ከተማ፣ ሐሙሲት ድረስ ሄደው እንዲነሡ መከርኋቸው። ይህም አላረካኝም። የምፈልገው እኔ የተሰማኝ እንዲሰማው ነበር።

በዓመቱ የፎቶ ቤቱ ባለቤት እናት ለሕክምና ከይፋግ መጡና ታላቅ እህቱ ዘንድ አረፉ። እህትየው ግቢ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ደግ ሴት ናት፣ በወንድሟ አልጠላኋትም። አንድ ረፋድ አሮጊቷ ፀሐይ እየሞቁ አዲስ አበባ ልኬ ያስጠገንሁትን ካሜራዬን ስወለውል አዩኝ።

«ምንድን ነው እሱ፣ ልጄ?»

«ፎቶ ማንሻ ነው፣ እማማ።»

«የኔ ልጅም ፎቶ አንሺ ነው» አሉ። «ብቻ እኔን አጥቦ ያጠፋኛል። ሽብሽቤን ያነሣል፣ ንቅሳቴን ይፍቃል፣ ከማላውቀው አገር አበባ መሀል ያቆመኛል። አንቺ እንዳለሁ ታነሽኛለሽ?»

አነሣኋቸው። ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ከጭቃው ግድግዳ ፊት። ታጥቦ ሲወጣ የአንገታቸው ንቅሳት ተራ በተራ ይቆጠራል፤ ዓይናቸው እያየ ይናገራል። ትንሹን ቅጂ ስሰጣቸው ሳሙት።

«ይቺማ እኔ ነኝ» አሉ፤ ወደ ሴት ልጃቸውም ዞረው «ስሞት ይቺን አውጡልኝ» አሏት።

ፎቶውን እያየሁ በልቤ፣ አገኘሁህ፣ አልሁ።

በክረምቱ መጨረሻ አረፉ። ይፋግ ሲቀበሩ ፎቶ አንሺው ልጃቸው የሠራውን ትልቅ ፎቶ ይዞ ቀረበ፤ ፊታቸው ነጥቶ፣ ከኋላ የፈረንጅ ሐይቅ ተንጣልሎበታል። ከአጠገቤ አንዲት አሮጊት «ይቺ ደግሞ የማን ሙሽራ ናት?» ብለው ጠየቁ።

ለአርባቸው የኔን በጓደኛዬ በኩል አዲስ አበባ አሳድጌ፣ ጥቁር ክፈፍ አስገብቼ ወሰድሁ። እሱ ፊት ለፊት ቆሞ እንዲያየው ነው የወሰድሁት። እህትየው ተቀብላ ስታነሣው ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ባንድ ድምፅ ጮኹ። «መጣች! እሷ ናት!» እያሉ ተቀባበሉት። እሱ የሠራውን ፎቶ አንዱ አንሥቶ ከምሰሶው ሥር አስደገፈው።

እሱ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ እኔ መጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ማን ነው ያነሣት?»

«እኔ። በመጫወቻዋ ካሜራ።»

«ፊልሙን ስጪኝ። አሳትሜ ቤቴ ልስቀላት።»

«አልሰጥህም።»

«እናቴ እኮ ናት!»

«እሱም አባቴ ነበር።»

መጀመሪያ አልገባውም፤ እንደገባው ያወቅሁት አንገቱን ሲደፋ ነው። ያን ቀን ይፋግ የበላሁት እህል ጣፈጠኝ።

ከዚያ ወዲህ ለወንድሞቹ፣ ለአክስቶቹ፣ ለአጎቶቹ፣ ለጠየቀኝ ዘመድ ሁሉ አትሜ ሰጠሁ። እሱን ብቻ ከለከልሁ። ሽማግሌ ላከብኝ፤ መለስኋቸው። የነፍስ አባቴም መከሩኝ፦

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፣ ልጄ።»

«ያስለኝ እንግዲህ፣ አባ» አልኋቸው።

ባለፈው ጎረቤቴ ቤት ስገባ የእናቷ ፎቶ ከተሰቀለበት ቦታ የለም።

«ሰጠሁት» አለችኝ ሳልጠይቃት። «ከሱ ጋር ያለሽን እናንተው ጨርሱት። እናቴን ግን መሀል አታስገቢያት።»

ተናድጄ ሳልሰናበታት ወጣሁ። በፎቶ ቤቱ ደጅ ሳልፍ አየሁት፤ ከሙሽሮቹ ፎቶ ሁሉ በላይ ሰቅሏታል፣ ምንም አልነካካትም። በሳምንቱ ለጎረቤቴ ሌላ አትሜ ወሰድሁላት። ሚስማሩን አብረን መታን። ስለ እሱ አላነሣችም፤ እኔም ይቅር ብየዋለሁ አላልሁም። ይቅር አላልሁትማ።