መዳቡን አልቀንስም ያልኩ ቀን

ጽሑፉ የልጄ የዘሐራ ነው፣ ቃሉ የኔ። ፊደል አልቆጠርኩም። መሬት ግን አውቃለሁ፤ ወሎ ሳለሁ ማሳዬን ያየ ይመስክር።

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሳክሲ በሚሏት ከተማ፣ ከልጄ ቤት ጀርባ ቃሪያ ተክያለሁ። ለጌጥ አይደለም። ባለቤቴ ሐዋ ከታመመች ወዲህ ምግብ አይዋጥላትም። የጓሮዬን ቃሪያ ጨው አስነክታ ካልገመጠች እንጀራ አትቆርስም። የሱቁን ሲያመጡላት «ውኃ ነው» ብላ ትመልሰዋለች።

ዘንድሮም ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። ባለፈው ቅዳሜ እንደ ወትሮዬ ሰማያዊውን የመዳብ መድኃኒት በጥብጬ ልረጭ ስል ዘሐራ መጣች። ችግኝ መሸጫ ነው የምትሠራው። አንድ ጠርሙስ ይዛለች።

«አባባ፣ መዳብ እኮ ከአፈሩ አይወጣም። በየዓመቱ ሲረጩት አፈሩን የሚያለማው ትል እንኳ ጠፋ። ሶ፣ ሩቡን ብቻ ያድርጉና ከዚህ አሲድ ጠብ ያድርጉበት። ትንሹን መዳብ ያበረታዋል።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሎሚ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። ማለቴ... ሙሉ መዳብ ላይ እንዳይጨምሩት፣ ኦኬ? ቅጠሉን ያቃጥላል።»

«ለበሽተኛ ሩብ መድኃኒት የሚሰጥ ሐኪም የት አለ?» አልኳት።

ስቃ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እኔ መዳቡን ሙሉውን አደረግኩ። አሲዱንም ጨመርኩበት። ሁለት ጉልበተኛ ቢተባበር ምን ይከፋል ብዬ... ሐዋ በመስኮት ታየኛለች፤ ስቆጥብ እንድታየኝ አልፈለግኩም።

በማግስቱ ሱብሂ ሰግጄ ብወጣ ቅጠሉ እሳት እንደበላው ሆኗል። አበባው መሬት ላይ ነው። ለጋው ቃሪያ ጠቁሯል።

ዘሐራ ወጥታ አየችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መኪናዋን አስነስታ ሄደችና የሱቅ ቃሪያ ይዛ መጣች። አጥቤ፣ ጨው አድርጌ፣ ራሴ ለሐዋ አቀረብኩላት።

ገመጠች። ቀስ ብላ አኘከች። በመስኮቱ ጓሮውን አየች... ከዚያ እኔን።

«የእጅህ ነገር» አለችኝ። «ዘንድሮስ ጣፍጧል።»

ሐዋ በትዳራችን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አሞግሳኝ አታውቅም። እንጀራውን ሳትነካ ሰሃኑን መለሰችልኝ። ከበሽታዋ ሁሉ ያስፈራኝ ይሄ ሙገሳዋ ነው።

በይ ዘሐራ፣ አሁን አንብቢልኝ... ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ እናትሽ ነቅታለች።