ቀድማ የምትቀምሰው ሴት

ቅዳሜ ጠዋት በተከራየችው አዳራሽ ሕፃናትን ከነወላጆቻቸው በቀለምና በሊጥ የምታጫውተው ሴት፣ በሩን ከመክፈቷ በፊት ሁሉንም ትቀምሳለች። ከቀዩ ሊጥ ቆንጠር፣ ከሰማያዊው ቀለም በጣቷ ላስ ታደርግና ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሆዷን እያዳመጠች ትቀመጣለች።

ቀድማ የደረሰች አንዲት እናት ይህን በመስኮት አይታ ሳቀች።

«ቁርስ ሳትበዪ ነው እንዴ የመጣሽው?»

«ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚልከው» አለች ሴትየዋ፣ ሳትስቅ።

ልጆቹ ሲገቡ ግን ሌላ ሰው ሆነች። እስከ ክርኗ በቀለም ተለቀለቀች፤ «ተዉአቸው፣ ልብስ ይታጠባል!» እያለች ወላጆቹን ተቆጣች። እናትየዋ ወደደቻት።

ኋላ አንድ አባት ውሃ ሲነካቸው የሚያብጡ ጥቃቅን ዶቃዎች ይዞ መጣ። «ይህንንም ጨምሪላቸው» ብሎ ከረጢቱን ሲቀደው ዶቃዎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። የሴትየዋ ፊት አመድ መሰለ።

«ልጆቻችሁን እቀፉ! ከተዋጠ ሆድ ውስጥ ነው የሚያብጠው!»

ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቀመች፤ የእናትየዋን ልጅ አፍ ሳይቀር በጣቷ ፈተሸች።

«ስንት ነበሩ?»

«ማን ዶቃ ይቆጥራል፣ እህቴ?» አለ አባትየው አፍሮ።

«እኔም ለልጄ የገዛሁለትን አልቆጠርኩም ነበር» አለችና ወለሉን ከዳር እንደገና መዳበስ ጀመረች።