በኦቦ ኩምሳ ራስጌ የተገጠመው ማብሪያ

አመለሸጋን ለማያውቃት ሰው አንድ ነገር ልንገር፤ ይህች ሴት "አይሆንም" ሲሏት ደሟ ይፈላል። እኔ ዱሬቲ ጎረቤቷ ነኝ፤ አምቦ ውስጥ አንድ አጥር ተጋርተን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረናል። የምትሠራው ማዘጋጃ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ከሺህ ፋይል መሀል የጠፋች አንዲት ወረቀት ፈልጊ ቢሏት ሳታገኝ ወደ ቤቷ አትሄድም። ባለጉዳይ ይወዳታል፣ አለቆቿ ይፈሯታል፣ እኔ ደግሞ ስጨቀጭቃት እውላለሁ።

ባሏ ኦቦ ኩምሳ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ከአምቦ ጌዶ፣ ከጌዶ ባኮ፣ እስከ ነቀምቴ ድረስ በዚያ መንገድ ላይ እሳቸው ያልጫኑት ሰው የለም። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ቀኝ እጃቸው ደህና ነው፤ አእምሯቸውም ምላሳቸውም አልተነካም። ብቻ ያለ ሰው ከአልጋ አይነሱም።

ሰውየው ሕመሙን ቻሉት። ያልቻሉት የመብራቱን ነገር ነው። የክፍላቸው ማብሪያ ማጥፊያ ያለው በሩ ጋ፣ አልጋቸው ያለው ወዲያኛው ግድግዳ ሥር። ሲመሽ "አመለ፣ አብሪልኝ"፤ ዓይናቸው ሲከብድ "አመለ፣ አጥፊልኝ"። እሷ ከሥራ ከዘገየች በጨለማ ቁጭ ነው። የጠረጴዛ መብራት ገዝታላቸው ነበር፤ ሲዳብሱ ጥለው ሰበሩት። አንድ ቀን እኔ ላበራላቸው ስገባ፣ "አየሽ ዱሬቲ፣ ስድሳ ሰው ጭኜ ቁልቁለት ስወርድ የኖርኩ ሰውዬ አንድ አምፖል ማብራት አቃተኝ" አሉኝ። ሳቅ ብለው ነው ያሉት፤ እኔን ግን አንጀቴን በሉኝ።

አመለሸጋ ራስጌያቸው ላይ ሌላ ማብሪያ ለማስገጠም ኤሌክትሪሺያን ልትጠራ ተነሣች። ኦቦ ኩምሳ አሻፈረኝ አሉ።

"የማላውቀው ሰው ገብቶ እንዲህ ተጋድሜ እንዲያየኝ አልፈልግም።"

ብትለምናቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"እንግዲያው እኔው እገጥመዋለሁ!" አለች።

"ያ ረቢ! አንቺ? ልትሞቺ ነው እንዴ?" አልኳት።

"ምን ያስጮህሻል? ሁለት ሽቦ ነው።"

ቅዳሜ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴው ከፍሮምሳ ሱቅ ማብሪያ፣ ሽቦ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ገዝታ መጣች። ሐሳቧ ቀላል ነበር፤ በሩ ጋ ያለው ማብሪያ ሽቦ ላይ ቀጥላ ወደ ራስጌው ትወስደዋለች፣ መሀል ላይ አዲሱን ማብሪያ ታስገባለች፣ አለቀ። ሰፈሩ በዚያ ሰዓት መብራት አልነበረውም። "ጥሩ አጋጣሚ ነው" ብላ ወንበር ላይ ወጥታ ሽቦውን ልትነካ ስትል ጮህኩባት።

"ብሬከሩን ሳታወርጂ? መብራቱ ሲመጣ አስፈቅዶሽ ነው የሚመጣው?"

ሮጬ አወረድኩት። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ የሰፈሩ ልጆች "መጣ!" እያሉ ሲጮኹ ሰማን። ተያየን። አመለሸጋ ቀስ ብላ ከወንበሩ ወረደች፣ ውሃ ጠጣች፣ ተመልሳ ወጣች። ያንን ነገር እሷ እስከ ዛሬ አንሥታው አታውቅም፤ እኔ ግን በየሳምንቱ አነሣባታለሁ።

ስትጨርስ ብሬከሩን መለስነው። ኦቦ ኩምሳ በቀኝ እጃቸው ጫን አደረጉት፣ በራ። ደገሙት፣ ጠፋ። እልልታዬን አቀለጥኩት። አመለሸጋ ጣቷ ተላልጦ፣ ፀጉሯ ኖራ ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ ታበራለች። ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ "እንዴት ነው ማብሪያህ?" ትላቸዋለች፤ እሳቸውም "ግሩም ነው" ይላሉ።

በአራተኛው ቀን ሲመሻሽ ወተት ይዤላቸው ገባሁ። ክፍሉ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው።

"አካም ኦልተን፣ እንዴት ዋሉ ኦቦ ኩምሳ? ምነው አላበሩም?"

"ዓይኔን ላሳርፍ ብዬ ነው።"

እኔ ደግሞ ነገር መተው አላውቅም። እየዳበስኩ ሄጄ የራስጌውን ማብሪያ ተጫንኩት። የለም። ደገምኩት። የለም። የእኔ ቤት መብራት በመስኮት ይታየኛል።

"በሩ ጋ ያለው ከጠፋ ይሄ አያበራም" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እሷ ደግሞ ስትወጣ ከልማድ ታጠፋዋለች።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያውም እንዲሁ ነው።"

"ታዲያ አይነግሯትም?"

"ደስታዋን አላየሽም? ስንት ጊዜዬ ነው እሷን እንደዚያ ካየኋት! አደራሽን ዱሬቲ፣ እንዳትነግሪያት።"

አደራ ለእኔ! ሆዴ ነገር እንደማይችል አምቦ በሙሉ ያውቃል። አመለሸጋ ገና በሩን ከፍታ ስትገባ "ማብሪያሽ አይሠራም!" አልኳት። ጉዱን በሙሉ ዘረገፍኩላት። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አራት ቀን ጨለማ ውስጥ ተቀምጠህ 'ግሩም ነው' ትለኛለህ?" አለች። ተቆጥታ ጀምራ በልቅሶ ጨረሰችው። ኦቦ ኩምሳ በደህና እጃቸው እጇን ያዙ። እኔ ወተቱን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ለካ አንዳንዴ መውጣትም አውቃለሁ።

በነጋታው ፍሮምሳ ሱቅ ሄድን። የሆነውን ስትነግረው አልሳቀባትም፤ ካርቶን ቀዶ ሥዕል ሣለላት።

"እትዬ አመለሸጋ፣ ተራ ማብሪያ ሁለቱም ካልተከፈቱ አያበራም። ለዚህ የሚሆነው ቱዌይ የሚባለው ነው። ጀርባው ላይ ሦስት ብሎን አለው። በሁለቱ ማብሪያዎች መሀል ሁለት ሽቦ ይዘረጋል፤ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይይዛል። የቀረችው ሦስተኛዋ ብሎን ላይ፣ በአንዱ ማብሪያ በኩል መስመሩ ይገባል፣ በሌላው በኩል ወደ አምፖሉ ይወጣል። ስለዚህ በሩ ጋ ያለውም ይቀየራል።"

ችግሩ፣ በሱቁ የተረፈው ቱዌይ አንድ ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ከጌዶ ያመጣልን ተሬፋ ነው፤ ድሮ የኦቦ ኩምሳ ረዳት ነበር፣ አሁን ሚኒባስ ይነዳል። ለማን እንደሆነ ሲሰማ ኪሱ ውስጥ ይዞት መጥቶ፣ ከመኪናው ወርዶ በእጇ ሰጣት።

በዚህኛው ዙር እኔ ሳልጮህ ብሬከሩን አወረደች። በቴስተር ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈተሸች። ከዚያ ወረቀት ቆራርጣ እያንዳንዱ ሽቦ ላይ እንደ ፋይል ቁጥር ለጠፈችበት! እሷ በሩ ጋ፣ እሳቸው አልጋው ላይ ሆነው እየተፈራረቁ አበሩ፣ አጠፉ። ሠራ። ግን ፊቷ አልፈታም፤ ባለፈውም መጀመሪያ ላይ ሠርቶ ነበራ።

ሰኞ ጠዋት ሆን ብላ በሩ ጋ ያለውን አጥፍታ ሥራ ሄደች። ማታ መንገድ ላይ ተገናኝተን አብረን ተመለስን። እሷ በጥድፊያ ትራመዳለች፣ እኔ ከኋላ አለከልካለሁ። ከአጥሩ ማዶ መስኮቱ ጨለማ ነው። ቆመች።

"አልሠራም" አለች። "ደግሞ ዋሸኝ።"

እኔ የግቢዋን የቆርቆሮ በር ገፋሁት፤ ያ በር ደግሞ ሲከፈት ሰፈር ይሰማዋል። ወዲያው መስኮቱ በራ።

"አመለ? ነይ ግቢ!" አሉ ኦቦ ኩምሳ ከውስጥ፣ በዚያ ድሮ ተሳፋሪ በሚጠሩበት ድምፅ። "እስክትመጪ ስጠብቅ ነበር። አበራሁልሽ!"

አመለሸጋ የያዘችውን ፌስታል መሬት ላይ አስቀምጣ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ።

"ዱሬቲ" አለችኝ፣ "አበራልኝ እኮ።"