በራችን ላይ የቆመችው ሴት

ሥዕሌን ያበላሸው ሰው ጨዋ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ባለጌ ቢሆን ኖሮ እዚያው ተናድጄ እዚያው ይወጣልኝ ነበር። እሱ ግን በአጠገባችን ሲያልፍ "ይቅርታ እህቴ" የሚል፣ ኮቱን አጥፎ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ፣ ማንንም ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲበድል የተበደለው ራሱን ይጠራጠራል። እኔም ብዙ ጊዜ ራሴን ተጠራጥሬአለሁ፤ አሁን ግን በቃኝ።

ከዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቄ፣ ወላይታ ሶዶ እናቴ ቤት ተመልሼ ሥራ የምጠብቅበት ዓመት ነበር። ከተማው በየሰፈሩ ኮብልስቶን ያነጥፋል፤ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት ይደራጃል። እኔ ጠዋት ጠዋት የማስታወቂያ ሰሌዳ አነባለሁ። አንድ ቀን ከክፍት የሥራ ቦታዎቹ ሥር፣ የውኃ ቀለም ሥዕል ለጀማሪዎች በነፃ እንደሚሰጥ፣ አሠልጣኙም ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሙያ ሠዓሊ እንደሆኑ፣ ትምህርቱም ስድስት ቅዳሜ እንደሚቆይ የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ተመዘገብኩ።

ያስመዘገበኝ የሥዕል ፍቅር ብቻ አልነበረም። ቤታችን ሊፈርስ ነበር። ቤታችን ወደ ዳሞታ ተራራ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው፤ መንገዱ ይሰፋል ተባለ፤ ምትክ ቦታም ተሰጠን። ሰዎች መጥተው ከበሩ በስተግራ ባለው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ የኤክስ ምልክት አድርገው ከሥሩ ቁጥር ጻፉበት። እናቴ አላለቀሰችም። "አባትሽ በሩን በገዛ እጁ ነው የሠራው" ብቻ አለች። አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር።

የቤታችን ፎቶ አልነበረንም። ያሉን ፎቶዎች ሁሉ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ፊት ቆመን የተነሳናቸው ናቸው። የኔ ስልክ ባትሪ እንጂ ካሜራ የለውም። ካሜራ ያለውን ሰው "ቤታችንን አንሳልኝ" ብሎ መለመን ደግሞ በዚያን ጊዜ ለኔ ዳሞታን በሩጫ ከመውጣት ይከብደኝ ነበር። ሱቅ ገብቼ የምፈልገውን ሳልናገር የወጣሁበት ቀን ብዙ ነው። በዩኒቨርሲቲ ግን በማይክሮስኮፕ ያየሁትን ቅጠል በእርሳስ አስመስዬ መሳል እችል ነበር። ቤቱን እስለዋለሁ አልኩ።

ስምንት ሆነን ጀመርን። እኔ አጠገብ የተቀመጡት ሁለቱ ትዝ ይሉኛል። አንዱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ሌላው በየሳምንቱ እዚያው ወላይታ ካለችው ከበዴሳ በሚኒባስ የሚመጣ ታፔላ ጻፊ ነው። ቀለም መበጥበጫ ሳህን ስላልበቃን መምህሩ ከጓሮአቸው የእንሰት ቅጠል ቆርጠው አመጡና ለሁላችንም አካፈሉን። ኮባው ላይ የተንጠባጠበ ቀለም ሳይሰርግ እንደ ጠል ድብል ብሎ ይቀመጣል። ሠዓሊው አይቶ ሳቀ፤ "ይሄን አዲስ አበባ ወስጄ ነው የማስተምረው" አለ። ወደድነው።

ታፔላ ጻፊው አንድ ጣሳ ነጭ ቀለም ይዞ መጥቶ ነበር።

"ነጭ አያስፈልግም" አለው ሠዓሊው።

"ያለ ነጭ እንዴት ይሆናል? እኔ የሆቴል ታፔላ ስጽፍ መጀመሪያ ነጭ ነው የምለቀልቀው።"

"ነጩ ወረቀቱ ነው። ብርሃን የሚሆነውን ቦታ ዝም ብላችሁ ትታችሁ ታልፋላችሁ። አንዴ ከነካችሁት አይመለስም።"

መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። "ስለዚህ የምናስረክበው ያልሠራነውን ነው ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ለእንዲህ ያለ ተማሪ ዜሮ ነበር የምሰጠው።"

ሠዓሊው አብሮን ሳቀ። ቀጥሎም የተሳሳተ ነገር እንዴት እንደሚነሳ አሳየን። "አትሹት። ንጹህ ውኃ፣ ንጹህ ጨርቅ፣ ቀስ ብሎ ጠቅ ጠቅ። ቶሎ ከደረሳችሁበት ይለቃል። ቀይ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ቀይ ወረቀት ይነክሳል።" ሁሉንም በደብተሬ ጻፍኩ። ያስተማረን ነገር ትክክል ነበር፤ ይህን አልክድም። ቢያንስ ያስተማረውን ቢያከብር ምን ነበረበት?

በየጠዋቱ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በእርሳስ ነደፍኩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀለም አለበስኩት። ከጣሪያው በላይ የዳሞታ ጭጋግ አለ፤ እሱን እንደተባልኩት ወረቀቱን ሳልነካ ተውኩት። በሩ አረንጓዴ ነው። የታችኛው ሳንቃ ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ የድሮው በዝናብ ሲበሰብስ አባቴ ሌላ እንጨት ፈልጎ ተክቶት፣ ቀለም ሳይቀባው ታመመ። ያቺን ሳንቃ ለመሳል ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ቡናማው ከአረንጓዴው ጋር እንዳይደባለቅ አንዱ እስኪደርቅ ሌላውን እጠብቃለሁ፤ ታፔላ ጻፊው "እስካሁን አንድ በር? እኔ በዚህ ሰዓት ሦስት ፀጉር ቤት እከፍታለሁ" እያለ ያሾፍብኛል።

ምልክቱን ልሳለው ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ጥንቁቅ ሰው ነኝ። በመጨረሻ ሳልኩት፤ ቤቱ በዚያን ጊዜ እንደዚያ ነበርና። ለእናቴ ሳሳያት ቀዩ ላይ ጣቷን አቆመች።

"ይሄንንም ሳልሽው?" አለችኝ በወላይትኛ። እኔና እሷ ቤት ውስጥ የምናወራው በወላይትኛ ነው።

"ልተወው?"

"አትተዪው። ቀኑን ሙሉ የማየው እሱን አይደል? አሁን እሱም የቤቱ ነው።"

አምስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። በሳምንቱ ሥዕሎቻችን በምንማርበት አዳራሽ ውስጥ ተሰቅለው እንግዶች ሊጎበኙ ነበር። ሥዕሌን ሠዓሊው እንዲያይልኝ ፈለግሁ፤ አንድ ቃል ብቻ፣ "ጥሩ ነው" ወይም "እዚህ ጋ ጎድሏል" እንዲለኝ። በእኛ ዘንድ ለትልቅ ሰው ዕቃ በአንድ እጅ አይሰጥም። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ አቀረብኩለት። "ጋሼ፣ ይቺን…" ካልኩ በኋላ "ይዩልኝ" የሚለው ቃል አልወጣ አለኝ። እሱ ተቀበለኝ። ልክ እንደ ስጦታ።

ሥልጠናውን የምታስተባብረው ሴት በትከሻው በኩል አጎንብሳ አየች። "ይቺ ቀይ ምንድናት?"

"ምልክት ናት" አልኩ።

"የምን ምልክት?"

የዚህችው ከተማ ሰው ናት፤ ታውቃለች። ከኔ አፍ እንዲወጣ ፈልጋ ነው። "የሚፈርስ ቤት ምልክት ናት።"

"አይ፣ ይሄማ እንግዶች ፊት አይሆንም። ለምን ደስ የሚል ነገር አትስዪም አንቺ ደግሞ?"

"ቆይ ቆይ፣ ቀላል ነው" አለ ሠዓሊው። ተቀመጠና የኔን ብሩሽ አነሳ። ከኔ ኮባ ላይ ቀይ ነከረ፤ ጥቁር፣ ቢጫ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀበትም። በቀዩ ምልክት ላይ የወላይታን የባህል ልብስ ዱንጉዛ የለበሰች፣ እንስራ ያዘለች ሴት ቆመች። ቀሚሷ ከግድግዳው አልፎ የበሩን ግማሽ፣ አባቴ የተካትን ሳንቃ ጭምር ሸፈነ። ከዚያ ቀና ብሎ ጭጋጉን አየ፤ "እዚህ ደግሞ ባዶ ሆኗል" አለና በሰማያዊ ሞላው። ነጩ ወረቀቱ ነው ያለን ያው ሰው።

"አዳንኩልሽ" አለና ሥዕሉን በአንድ እጁ መለሰልኝ።

እኔም በሁለት እጄ ተቀብዬ "አመሰግናለሁ ጋሼ" አልኩ።

ከዚያ ቀን ሁሉ የሚያቃጥለኝ ይህ ምስጋና ነው። ማንም አላስገደደኝም። አፌ ለምዶት ነው።

ታፔላ ጻፊው አንገቱን አስግጎ አየ። "ቆንጆ ናት። ማን ናት?"

"አላውቃትም" አልኩት።

እውነትም አላውቃትም። ግቢያችን ውስጥ ቧንቧ አለ፤ በዚያ በር እንስራ ያዘለ ሰው ሲገባ አይቼ አላውቅም። ዱንጉዛ ደግሞ የበዓልና የሠርግ ልብስ ነው፤ ማን ነው ለብሶት ውኃ የሚቀዳው? ሰውየው ሶዶን አምስት ቅዳሜ አይቷታል፤ ያየው ግን ከመምጣቱ በፊት የሚያውቀውን ነው። አስተባባሪዋ ሥዕሉን ከእጄ ወስዳ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፤ መዝገቧን አውጥታም ከቁጥሬ አጠገብ "የወላይታ እናት ውሎ" ብላ ጻፈች። ርዕስም ሰጠችልኝ። የወላይታ እናት እቤት ተቀምጣ ግድግዳዋ ላይ ያለውን ቀይ ታያለች፤ ውሎዋ እሱ ነው።

መምህሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ቤታችሁ እንግዳ ገባባችሁ" አሉኝ።

ብሩሾቼን ይዤ ወደ ውጭው ቧንቧ ወጣሁ። ማጠብ ጀመርኩ። ቀዩ ከብሩሹ እየወጣ በሲሚንቶው ላይ ሲፈስ አየሁ፤ ገና አልደረቀም። ቶሎ ከደረሳችሁበት ይለቃል ብሏል። ብሩሽ የማጥብበትን ጣሳ ንጹህ ውኃ ሞላሁ፤ ከቦርሳዬ የታጠበ መሐረብ አወጣሁ፤ ገባሁ። ሥዕሉን ወደ ራሴ ሳብኩና የሴትየዋን ፊት ጠቅ ጠቅ ማድረግ ጀመርኩ።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለች አስተባባሪዋ። "ተመዝግቧል እኮ።"

ሠዓሊው ፈጠን ብሎ መጣ። "ተዪው የኔ እህት፣ ይበላሻል።"

"ስህተት ነው የማነሳው" አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። "ንጹህ ውኃ፣ ንጹህ ጨርቅ ብለዋል።"

"እኔ እኮ ልረዳሽ ብዬ ነው።"

"እንዲያዩልኝ ነበር የሰጠሁዎት።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

ሁሉም መልሴን ጠበቁ፤ እኔ መሐረቡን እያዘዋወርኩ ጠቅ ጠቅ ማድረጌን ቀጠልኩ። ኋላ ግን ለዚህ ጥያቄ ስንት መልስ አወጣሁ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነብኝ እንጂ፣ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ፣ ታክሲ ስጠብቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳይቀር መልሼለታለሁ። ሰው ዝም ስላለ ብቻ ቤቱ ሳያንኳኩ ይገባል? ይኸው ነበር መልሱ። ሰባት ቃል ብቻ ነው፤ ያኔ አንዱም አልመጣልኝም።

ቢጫው ወዲያው ለቀቀ። እንስራው ሄደ። ጥቁሩ ግራጫ ውኃ ሆኖ ወደ በሩ ወረደ፤ በመሐረቤ ልይዘው ብሞክርም የበሩን አረንጓዴ ይዞ ወረደ። ሁለት ቅዳሜ የፈጀብኝ ሳንቃ ዓይኔ እያየ ታጠበ። ማቆም እችል ነበር፤ አላቆምኩም። ቀዩ ግን እምቢ አለ። የሱ ቀይና የኔ ቀይ አንድ ላይ ነክሰው ቀሩ፤ ቀሚስም ምልክትም ያልመሰለ ሐምራዊ እድፍ ሆነ። ጭጋጉን አልነካሁትም፤ ወረቀቱ መሻከር ጀምሮ ነበር።

አስተባባሪዋ ከመዝገቧ ላይ ሰረዘችኝ። ሠዓሊው "እንደፈቀድሽ" ብሎ ወደ ሌሎቹ ዞረ፤ በዚያችም ሰዓት ጨዋ ነበር። መምህሩ ተነሥተው ሁለት ሰፋፊ ኮባ አመጡና እርጥቡን ሥዕል በመካከላቸው አስገብተው አሰሩልኝ። "በዚህ አይነካካብሽም" አሉ።

እናቴ ኮባውን ፈትታ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየች። የሆነውን ነገርኳት።

"የታችኛው ሳንቃስ?"

"ታጠበ።"

"መልሰሽ ሳዪዋ።"

"ወረቀቱ ከእንግዲህ አይቀበልም፣ እማ።"

ስድስተኛው ቅዳሜ አልሄድኩም። ሰባት ሥዕል ተሰቀለ አሉ፤ እንግዶቹም ተደስተው ሄዱ አሉ። እኔ በዚያ ጠዋት ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ ከዩኒቨርሲቲ በተረፈኝ ደብተር ላይ ሳንቃዋን ብቻዋን በእርሳስ ለመሳል ሞከርኩ። ንዴት ያለበት እጅ ቀጥ ያለ መስመር አያሰምርም፤ ሦስት ገጽ ቀደድኩ፤ ተውኩት።

ከመስቀል በኋላ ቤቱ ፈረሰ። በሩን ለአዲሱ ቤት ልናተርፈው ነቅለነው ነበር፤ ምስጥ ከውስጥ በልቶት ኖሮ ስናነሳው ተሰነጣጠቀ።

ሥዕሉ ዛሬ በምትክ ቦታው ላይ በሠራነው ቤት ሳሎን ተሰቅሏል፤ የሰቀለችው እናቴ ናት። እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ሐምራዊው እድፍ ነው። እናቴ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ትሰጣለች፦ "እዚያ ጋ አንዲት የማናውቃት ሴት ቆማ ነበር። ልጄ አባረረቻት።"

እንግዶቹ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። አባረርኳት፣ እውነት ነው፤ ስትሄድ ግን የአባቴን ሳንቃ ይዛ ሄደች።